የጸሎት መጽሐፍና የመቅሠፍት መጽሐፍ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጀውሃ ቆላ ማሽላና ማሾ የሚያበቅል፣ ሙቀቱ የበረታ፣ ወንዞቹም ከደጋው ወርደው ወደ አዋሽ የሚያቀኑበት አገር ነው። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ከተሞቹም በገበያቸው ዕለት ተሰይመው ሮቢትና ሰንበቴ ይባላሉ። በእነዚህ ገበያዎች የሚገናኝ ሰው የባልንጀራውን ሃይማኖት የሚያውቀው መጽሐፍ መርምሮ አይደለም፤ በአንገቱ ካሰረው ማተብ፣ ከሚጾመው ጾም፣ ከሚበላውና ከማይበላው ሥጋ፣ ከሰላምታው፣ ሙታኑንም ከሚቀብርበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ የይፋትን ሰው ሃይማኖትና ሥርዓት የተለያዩ ሁለት ነገሮች ናቸው ቢሉት በቶሎ አይቀበልም።

ነገር ግን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አሳብ ሲነገር ይሰማል። አንዱ ወገን ሃይማኖት የልብ ነገር ስለ ሆነ ዜማውና ጾሙ፣ ዕጣኑና ማሕሌቱ የውጭ ልብስ ነው፤ ሰው ልብሱን ቢለውጥ ሰውነቱ አይለወጥም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥርዓቱ ከተጠበቀ ሃይማኖቱ ተጠብቋል፤ የልቡን ነገር መመርመር አያስፈልግም ይላል። ከሁለቱ ማናቸው ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ በባዶ ከመከራከር ይልቅ ሥራውን የሚያሳይ ምስክር መፈለግ ይሻላል። ለዚህም ምስክር የሚሆኑ፣ ከካቶሊክ ወገን በግእዝ ቋንቋ ታትመው የወጡ ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንዱ በሮም በ1548 የታተመው የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳን ነው፤ ሁለተኛው በሕንድ አገር በጎዋ በ1642 የታተመው መቅሠፍተ ሐሰታት የተባለው መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሕፈት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚመረምር ሰው ቋንቋቸው አንድ፣ አባታችን የሚሉት የሮም ሊቀ ጳጳስም አንድ ሆኖ ሳለ መንፈሳቸው እንደ ምሥራቅና እንደ ምዕራብ የተራራቀ ሆኖ ያገኛቸዋል።

አባ ተስፋ ጽዮን የሸዋ ሰው፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ወገን ነበሩ። የአገራቸው መከራ የጀመረው በዘመናቸው ነው። ግራኝ አሕመድ በ1529 በሽምብራ ኩሬ፣ በ1531 ደግሞ አንጾኪያ በተባለው ስፍራ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ የሸዋ መንገድ ተከፈተለት፤ በዚያው በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ያን ጊዜ የጠፋው ሕንፃ ብቻ አልነበረም፤ በብራና የተጻፈው የጸሎትና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ የጻፈውም እጅ፣ የሚያነበውም አንደበት አብሮ ጠፋ። አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ደርሰው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ በሚገኘው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ። በዚያም ፈረንጆች ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ብለው ጠሯቸው።

ከእርሳቸው አስቀድሞ በዚያው ገዳም ካለ ኢትዮጵያዊ የተማረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳትሞ ነበር፤ በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ መጀመሪያው ይህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ጀመሩ። በሊቀ ጳጳሱ በጳውሎስ 3ኛ ዘመን፣ ዶሪኮ በሚባሉት ወንድማማች አታሚዎች ቤት፣ ከባልንጀሮቻቸው መነኮሳት ጋር ሆነው ወንጌላትን፣ የዮሐንስን ራእይ፣ የሐዋርያትን መልእክታትና የሐዋርያትን ሥራ፣ ወደ ዕብራውያን የተላከውንም መልእክት አሳተሙ፤ የቀሩት 13ቱ የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ተከተሉ። ወደዚህም መጽሐፍ ሥርዓተ ቅዳሴውን፣ ዕጣንና ሰም የሚባረክበትን ጸሎትም ጨመሩበት።

የዚህ መጽሐፍ ዋና ነገር የሚታየው በዚህ ጭማሪ ነው። ወንጌልን ማተም የሁሉም ክርስቲያን ምኞት ነው፤ ወንጌሉን ከቅዳሴው ጋር በአንድ ጥራዝ አድርጎ ማተም ግን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አሳብ ነው። የኢትዮጵያ ሊቅ ወንጌልን የሚያውቀው በመቅደስ ሲነበብ፣ ዲያቆን መብራት ይዞ ሲቆም፣ ሕዝብም ቆሞ ሲሰማው ነው። መጽሐፉን ከሚነበብበት ሥርዓት ለይቶ ማሰብ አይሆንለትም። ገዳማቸው የተቃጠለባቸው ሰው በባዕድ አገር፣ በባዕድ ማተሚያ፣ መጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን ቅዳሴውንም ከእሳቱ አወጡት።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም አይባልም። የፊደል ስሕተት ብዙ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮንም ይህን ሳይሸሽጉ አታሚዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸውም ማተም እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ሥራው ዕውር ዕውርን እንደ መምራት እንደ ሆነባቸው ገልጠው አንባቢውን ይቅርታ ለምነዋል። ከዚህም የሚከብድ ጕድለት አለ፤ የሐዋርያትን ሥራ ሙሉ የግእዝ ቅጂ ስላላገኙ ብዙውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተርጕመው ሞልተውታል። በጉባኤ ቤት የዋለ ሰው ይህን የተተረጐመውን ክፍል ሲያነብ የአባቶች ንባብ አለመሆኑን ያውቀዋል። ነገር ግን አሳታሚው ያደረጉትን ነገር ሰውረው እንደ ጥንት ንባብ አላቀረቡትም፤ ተናዘዙት እንጂ። መጽሐፍ በሚያበዛው ስሕተት ብቻ አይለካም፤ ስሕተቱን በሚይዝበት ትሕትናም ይለካል።

አባ ተስፋ ጽዮን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትጠመቅበትና የምትቀድስበት ጸሎት በላቲን ተተርጕሞ በ1549 በሮም እንዲታተም አድርገዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕዝቡ የሚጠመቀው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንደ ሆነ፣ ቅዳሴውም የሐዋርያት ቅዳሴ እንደ ሆነ፣ ግእዝ የማያውቅ የሮም ሊቅ ሁሉ በገዛ ቋንቋው እንዲያየው ማድረግ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሮም ስለ ኢትዮጵያ ጥምቀት አላወቅሁም ለማለት ምክንያት አልነበራትም። ከእርሳቸውም የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 የግእዝን ሰዋስው በሮም አሳተመ፤ አውሮፓውያን ግእዝን በሥርዓት መማር የጀመሩት በዚህ መጽሐፍ ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ከሮም ጋር አንድ ሆነው ኖረዋል፤ ስለዚህ ነገር የኦርቶዶክስ ሊቅ ሊከራከራቸው ይችላል፤ ይገባውማል። ነገር ግን ስማቸው ሁለት ሆኖ እንደ ኖረ፣ ተስፋ ጽዮንም ጴጥሮስም እንደ ተባሉ፣ ሥራቸውም ሁለት ገጽ አለው። ሰሙ የሮም ማተሚያ ነው፤ ወርቁ የደብረ ሊባኖስ ቅዳሴ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙን አይቶ ወርቁን አይጥልም።

ከዚህ በኋላ 76 ዓመት አልፎ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮም ፓትርያርክ ተብለው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እስኪሞቱ ድረስ አማርኛውንና ግእዙን ተምረው፣ ጊዜ እየጠበቁ፣ በትዕግሥት ያስተምሩ ነበር፤ ዐፄ ሱስንዮስም የካቶሊክን ሃይማኖት የተቀበሉት በእርሳቸው ትምህርት ነው። ንጉሡ በልባቸው አምነው እንደ ተቀበሉት መጠራጠር ፍትሕ አይደለም፤ ስለዚህ እምነት ዙፋናቸውንም ሰላማቸውንም አደጋ ላይ ጥለዋልና። በ1626 በደንቀዝ ለሮም ሊቀ ጳጳስ ለመታዘዝ በግልጥ ማሉ።

የሜንዴዝ ሥራ ግን ሌላ ነበር። ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር ይሁን፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር ተባለ። በዚህ ጊዜ በሮም በ1549 የታተመው ላቲኑ የጥምቀት ጸሎት የት ነበር? መልሱ በመጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ነበር የሚል ብቻ ነው። ያን ጸሎት ያነበበ ሰው የኢትዮጵያን ሽማግሌ እንደ ሕፃን አቅርቦ ከውኃ ባላስገባው ነበር። በ40 ቀኑ የተጠመቀ፣ ዕድሜውን ሁሉ የጾመና የቀደሰ ካህን ገና ክርስቲያን አልሆንህም ሲባል የሚሰማው ነገር የአእምሮ ክርክር አይደለም፤ እናቱንና አባቱን አረማውያን ናቸው እንደ ማለት ነው።

ውጤቱም ታወቀ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ ከላስታ ከመጡት ባላገሮች ጋር ተዋግተው በአንድ ቀን 8,000 ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ተጽፏል፤ የሞቱትም የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። በዚያው በሰኔ ወር፣ በ1624 ዓ.ም.፣ ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ሜንዴዝንና ባልንጀሮቻቸውን አስወጡ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት በዚህ ነገር ላይ ተፈጸመ።

ሁለተኛው መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ስደት ነው። ጻፊው አንቶንዮ ፈርናንዴዝ በ1604 ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ረጅም ዘመን የኖሩ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው። ግእዝን እንደ ሊቅ ተምረው በግእዝ የክርክር መጽሐፍ እስከ መጻፍ መድረሳቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ብዙ ባዕዳን በኢትዮጵያ ኖረው ከሰላምታ በላይ ሳይማሩ ሄደዋልና። መጽሐፉም በ1642 በጎዋ ታተመ፤ ስሙም መቅሠፍተ ሐሰታት ነው፤ የሐሰቶች ጅራፍ እንደ ማለት ነው።

መጽሐፍን ከስሙ መመርመር የቅኔ ቤት ልማድ ነው። መቅሠፍት ቀሠፈ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በግእዝ የሚገርፍበትን ነገር ያሳያል፤ በአማርኛ ጆሮ ግን ከሰማይ የሚወርድ ቸነፈር ሆኖ ይሰማል። ሐሰታት ደግሞ ሐሰት ሲበዛ ነው። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ አንባቢውን ገና በደጁ ሳለ ሐሰተኛ ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያም ግባና ተገረፍ ይለዋል። ለማን ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያጣል። ኢትዮጵያውያን እንዲያምኑበት ከሆነ፣ የተገረፈ ሰው የገረፈውን እጅ አይስምም። ካቶሊካውያን እንዲጽናኑበት ከሆነ፣ በጎዋ ያለ ፖርቱጋላዊ ግእዝ አያነብም። መጽሐፉ በባዶ አዳራሽ የሚጮህ ሰው ድምፅ ነው፤ ክርክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰሚ የለውም።

በዚህ ስፍራ የሁለቱ መጻሕፍት ልዩነት ይገለጣል። አባ ተስፋ ጽዮን ጸሎትን አሳተሙ፤ ፈርናንዴዝ ክርክርን አሳተሙ። በጸሎት ያለ ስሕተት አንባቢውን አያባርርም፤ ክርክር ግን ስሕተት ባይኖርበትም ፍቅር ከጐደለው ያባርራል።

በጉባኤ ቤት ንባብና ትርጓሜ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ንባቡ ከአባቶች የተቀበሉት ነው፤ ፊደሉ አይነካም፤ ዜማው አይለወጥም። ትርጓሜው ንባቡን የሚያበራ ነው፤ በእርሱ ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ አንዱ አንድም ሲል ሌላው አንድም ይላል፤ እስኪመሽ ይከራከሩና ማታ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። በትርጓሜ የተለየ መምህር ብራናውን አይቀድም። እንዲሁም ሥርዓተ አምልኮ የሃይማኖት ንባብ ነው፤ በልብ ያለው እምነት ደግሞ የሥርዓት ትርጓሜ ነው። ሥርዓት የውጭ ልብስ ነው የሚለው ወገን የሳተው በዚህ ነው፤ ብራና የትርጓሜ ልብስ አይደለምና። ንባብ ከሌለ ትርጓሜ የሚቆምበት መሬት የለውም። ሜንዴዝ የተሳሳቱት ትርጓሜውን ለማቅናት ብለው ንባቡን ስለ ቀደዱ ነው።

ሮም ይህን ኋላ ተምራዋለች። አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ የላቲኑን ሥርዓት አላመጡም፤ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ጾም ጾሙ፣ በአገሩም ቋንቋ አስተማሩ፤ በ1860 እስኪሞቱም በዚህ ጸኑ። ሊቀ ጳጳሱ ልዮን 13ኛ በ1894፣ ሁለተኛውም የቫቲካን ጉባኤ በ1964 የምሥራቅ ክርስቲያኖች የአባቶቻቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ፣ የተለወጠባቸውም ካለ ወደ ጥንቱ እንዲመለሱ አስታወቁ። አባ ተስፋ ጽዮን በተቀመጡበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በ1919 የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ቆመ፤ ኋላም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ወደ ተሠራለት ቤት ተዛወረ። ዛሬ በአዲስ አበባና በሰሜን ያሉት ካቶሊካውያን የሚቀድሱት በግእዙ ሥርዓት ነው፤ በ2015 የቆመው የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታቸውም እንደዚሁ ነው። በደቡብና በምዕራብ ያሉት ብዙዎቹ የላቲኑን ሥርዓት ይከተላሉ። እንግዲህ በረዥሙ ክርክር የረታው የጎዋው መጽሐፍ አይደለም፤ የ1548ቱ መጽሐፍ ነው።

ከዚህ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ካቶሊካዊው በዚያው ዜማ ከቀደሰ፣ ያንኑ ዕጣን ካጠነ፣ በዚያው ግእዝ ከጸለየ፣ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሥርዓቱ አንድ ነውና ሃይማኖቱም አንድ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ሁለተኛው ስሕተት ነው። የኬልቄዶን ጉባኤ ሁለት ባሕርይ ሲል ተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ትላለች፤ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ሠረጸ በሚለው ላይ ሮም ከወልድም ትጨምራለች፤ የሊቀ ጳጳሱም ሥልጣን ያልተፈታ ነገር ነው። አንድ ንባብ ሁለት ትርጓሜ ተሰጥቶታል። የትርጓሜውን ልዩነት እንደሌለ መቍጠር ሊቅነት አይደለም፤ ልዩነቱን አይቶ ንባቡን ስለሚወድድ ባልንጀራን እንደ ጠላት አለማየት ግን ሊቅነት ነው።

በዚህ ነገር የኦርቶዶክስ ወገንም ያለ ነቀፋ አልቀረም። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው፣ በግእዝ ትምህርት የበሰሉ፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ ነበሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄደው ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ፤ በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ በ1851 አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሾሟቸው። እኒህ ሰው ንባቡን አልተዉም፤ ግእዛቸውንም ምንኵስናቸውንም ይዘው ነው ትርጓሜያቸውን የለወጡት። ሊከራከራቸው የሚሻ ሊቅ ቢኖር ጉባኤ ነበረ፤ መጽሐፍም ነበረ። የተሰጣቸው መልስ ግን እስራት ነው። ከጦር ሠራዊት ጋር በሰንሰለት እየተጎተቱ በ1855፣ በነሐሴ 1847 ዓ.ም.፣ ሞቱ፤ ሮምም በ1926 ብፁዕ ብላ ጠራቻቸው። ፈርናንዴዝ መቅሠፍታቸውን በቀለም ጽፈው ነበር፤ በአባ ገብረ ሚካኤል ላይ የወረደው መቅሠፍት ግን በብረት የተጻፈ ነው። ትርጓሜው ትክክል የሆነ መምህር ሰንሰለት አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚበልጠው ለጀውሃ ቅርብ ነው። አባ ማስያስ የተባሉት ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1868 ወደ ሸዋ ገቡ፤ ንጉሥ ምኒልክም በልቼ ተቀበሏቸው። የታጁራ ነጋዴ ሁሉ መግቢያው የይፋት ቆላ፣ ገበያውም ዐልዩ አምባ ነበረ። እኒህ ሰው በሸዋ ሳሉ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ከጀውሃ ወደ ሰሜን፣ ከደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አደረጉ። የክርስቲያኖቹ የልደት ክርክር ከተወሰነ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ከባላገሩ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1879፣ አባ ማስያስም ከሸዋ እንዲወጡ ተደረገ።

ይህ ነገር ሥርዓቱ ከተጠበቀ በቂ ነው ለሚለው ለሁለተኛው ወገን መልስ ነው። ማተብ ታሰረ፣ ውኃ ፈሰሰ፣ ስም ተለወጠ፤ ሃይማኖት ግን አልመጣም። ሜንዴዝ ትርጓሜ ሰጥተው ንባቡን ቀደዱ፤ በቦሩ ሜዳ ደግሞ ንባብ ተሰጠ፣ ትርጓሜው ግን ከሰውዬው ልብ ሳይጠየቅ ቀረ። ፍሬው አንድ ሆነ፤ በአንዱ ጦርነት፣ በሌላው ግብዝነት ተወለደ። የሜንዴዝን ዳግም ጥምቀት የሚነቅፍ ኦርቶዶክሳዊ የቦሩ ሜዳን የግድ ጥምቀት ቢያመሰግን ሚዛኑ የተንጋደደ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? የእያንዳንዱ ሰው እምነት በእርሱና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ነገር ነው፤ ንጉሥም ፓትርያርክም ሊፈጥረው አይችልም። ነገር ግን ይህ እምነት ሲወለድ ዕራቁቱን አይወለድም፤ ከአባቶች የተቀበለውን ጸሎት፣ ዜማና ጾም ለብሶ ይወለዳል፤ ያንን ቢገፉበት እንደ ሰው ቆዳ ያምመዋል። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን አውቀው የሠሩ ናቸው። የሮምን ሊቀ ጳጳስ አባት ብለው ሳለ የደብረ ሊባኖስን ቅዳሴ አላፈሩበትም፤ ቅዳሴውን ሮም ውስጥ በሮም ማተሚያ አሳተሙት እንጂ። ስለ እምነታቸው መልስ የሚሰጡት ለፈጣሪያቸው ነው። ሥራቸው ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሀብት ነው፤ ከግራኝ እሳት ከተረፈው ቅርስም የሚቈጠር ነው። ስለ ሮም ሲባል ይህን መጽሐፍ የሚንቅ ሰው ቢኖር የገዛ አባቱን ብራና የሚንቅ ነው።

መቅሠፍተ ሐሰታትም ከመጽሐፍ ቤት አይውጣ፤ ይጠበቅ፤ ይነበብም። የሚነበበው ግን ለትምህርቱ ብቻ አይሁን፤ ለመስታወትነቱም ይሁን። ዛሬም በሃይማኖት ክርክር ብዕር የሚያነሣ ሁሉ፣ ካቶሊክም ቢሆን ተዋሕዶም ቢሆን፣ መጽሐፉን ሲሰይም የጎዋውን ስም ያስብ። ተቃዋሚውን በአርእስቱ የገረፈ ጸሓፊ በውስጡ የሚያስተምረው ሰው አያገኝም።

የጀውሃ ገበያተኛ ረቡዕ በሮቢት፣ እሑድ በሰንበቴ ከእስላም ባልንጀራው ጋር ሲገናኝ ማተቡን አይሸሽግም፤ የባልንጀራውንም ሶላት አያቋርጥም። ሥጋቸውን ለየብቻ ይበላሉ፤ ሰላምታቸውን ግን በአንድነት ይሰጣጣሉ። ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ለብዙ ዘመን የተከራከሩበትን ነገር እርሱ በገበያው ያውቀዋል። ለሚጽፉትም ለሚያነቡትም ይህን ልቡና እግዚአብሔር ይስጥ።